ከግብር መዝገብ ወደ እህል መዝገብ፤ በሰሜን ጎንደር ደጋ መንግሥት ለገበሬ ስለ ከፈለው ክፍያ አጭር የታሪክ ጥናት

በኢትዮጵያ ታሪክ መንግሥትና ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ የተገናኙት በግብር ነው። ገበሬው ይሰጣል፤ መንግሥት ይቀበላል። ስለ አሥራት፣ ስለ ርስትና ስለ ጉልት ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ እኛም በትምህርት ክፍል ደጋግመን ሰምተናል። ስለ ተቃራኒው፣ ይኸውም መንግሥት ለገበሬ ስለ ሰጠው እህልና ገንዘብ የተጻፈው ግን አብዛኛው የባለሙያዎች ሪፖርት ነው፤ በታሪክ መልክ የቀረበው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰሜን ጎንደርን ደጋ ምሳሌ አድርጎ ክፍያው ከየት እንደ መጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈና ለገበሬው ምን ዋጋ እንደ ነበረው መመርመር ነው።

አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር አለ። ክፍያው በመጣ ጊዜ አዲስ መንገድ አልተጠረገለትም። ግብር ይወጣበት በነበረው መንገድ ተመልሶ ወረደ። ስም የሚጽፈው፣ የሥራ ቀን የሚቈጥረው፣ «ይህ ይገባዋል፤ ያ አይገባውም» ብሎ የሚለየው የቅርብ ሹም ነበረ። ስለዚህ የገበሬው ጥያቄ «ስንት ነው?» ከማለት አልፎ «መዝገቡ በማን እጅ ነው? መቼስ ይደርሳል?» ወደ ማለት ይሄዳል። ይህን ነው ከዚህ ቀጥሎ በየተራው የምናየው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

1. አገሩና እርሻው

ሰሜን ጎንደር የሚባለው አገር ቀድሞ የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ክፍል ነበረ። በ1980 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የአስተዳደር ክፍል ሆነ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ለሦስት ተከፍሎ ሰሜን ጎንደር ዋና ከተማውን ደባርቅ፣ ማዕከላዊ ጎንደር ጎንደርን፣ ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃን አደረገ። በዚህ ጽሑፍ ሰሜን ጎንደር ሲባል የቀድሞው ሰፊ ግዛት ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ በወገራ በኩል አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ጣሊያኖች በሠሩት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ጃናሞራና በየዳ ናቸው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመው ራስ ደጀንም በዚያ ወገን ነው። በዚያ ከፍታ ከገብስ በቀር ሌላ እህል እምብዛም አይበቅልም፤ ገብሱንም ውርጭ ይመታዋል። ከወገራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ተከዜ ወንዝ ተፋሰስ ያዘነበለው የበለሳ አገር ጤፍና ማሽላ ያበቅላል፤ ዝናሙ ግን አይታመንም። በጣና ዳር ያለው የደምቢያ ሜዳ በተቃራኒው ጥቁር አፈር ያለው ለም አገር ነው።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው የመንግሥት ድጋፍ ሁለት ዓይነት ሆኖ በሁለት አገር ስለ ተከፈለ ነው። የርዳታው እህልና ብር ወደ በለሳ፣ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ሄደ። ማዳበሪያው በይበልጥ ወደ ደምቢያና ወደ ወገራ ሄደ። በሁለቱም ወገን ግን የአንድ ቤተሰብ መሬት በጥማድ ወይም በቃዳ የሚቈጠር ነው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ያህል ይሆናል።

2. ገበሬው ሰጪ በነበረበት ዘመን

በበጌምድር የርስት ሥርዓት ገበሬው ከአባት ከእናቱ በወረሰው መሬት ላይ የማይነቀል መብት ነበረው። ዳሩ ግን በዚያው መሬት ላይ ግብር የመቀበል መብት፣ ማለትም ጉልት፣ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነበረ። በመካከላቸው የሚቆመው ጭቃ ሹም ነው። ጭቃ ሹሙ ከዚያው አገር የተወለደ፣ የእያንዳንዱን ቤት ከብትና ማሳ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ገበሬው መንግሥትን የሚያውቀው በጭቃ ሹሙ ፊት ነው፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረትም የተነገረው ንጉሡ እንዲህ ሩቅ በሆነበት አገር ነው።

በክፉ ጊዜ የሚገኘው ርዳታ የገዢው ቸርነት ነበረ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በጎንደር አገር በዚያ ላይ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ገብተው ከተማውን አቃጠሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝብ መመገባቸው፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መቈፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። ይህ በጎ ሥራ ቢሆንም በንጉሡ ደጅ ላለ ሰው እንጂ በስሜን ተራራ ላለ ገበሬ የሚደርስ አልነበረም። ሕግም አልነበረም፤ ማንም «ይገባኛል» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም ነበረ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ግብሩን በአንድ ሥርዓት ለማድረግ አሰበ። በ1934 ዓ.ም. መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በጋሻ ግብር እንዲከፍል ዐዋጅ ወጣ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ግን በጌምድር፣ ጎጃምና ትግሬ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍሉ ተተዉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የርስት አገር ገበሬ መሬቱ እንዲለካ አልፈቀደም። መለካት ማለት መመዝገብ ነው፤ መመዝገብ ማለት ደግሞ ለሌላ ሰው ርስትን አሳልፎ የመስጠት መጀመሪያ መስሎ ታየው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ አሥራትን ሽሮ በምትኩ በምርት ላይ ግብር ባስገባ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥትም ጦር ከላከ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነበት።

ስለዚህ እስከ አብዮቱ ድረስ በዚህ አገር በመዝገብ መግባት ዕዳ ውስጥ መግባት ነበረ። ይህ ስሜት በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዴት እንደ ተገለበጠ ነው ቀጥሎ የምንመለከተው።

3. ሦስት ኪሎ ስንዴ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጉልተኛውን አስቀረ፤ በጭቃ ሹሙ ቦታ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ተቀመጠ። ገበሬው ለባለ ጉልት ከመገበር ቢድንም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ የሚወስደው ኮታ መጣበት። ይህ ኮታ የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜም የመዝገቡ ሥራ ምርትን ለመውሰድ ነበረ።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ሌላ መዝገብ ተጀመረ። ከወሎ ረኃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር ሆኖ በተራቈቱ የደጋ አገሮች «ምግብ ለሥራ» የሚባለውን ሰፊ ፕሮግራም ጀመረ። ገበሬው እርከን ይሠራል፤ ችግኝ ይተክላል፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይቀበላል። ይህ 3 ኪሎ ትንሽ ቍጥር ይመስላል፤ ዳሩ ግን መንግሥት ከተለወጠም በኋላ አልተረሳም። ሩብ ምዕት ዓመት ቆይቶ የመጣው ፕሮግራምም የአንድ ቀን ሥራን በ3 ኪሎ እህል ተመነ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በኢትዮጵያ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ ዛፉ ተቈረጠ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ያዩት እንደ ገበሬው አላዋቂነት ነው። ነገሩን በጥሞና ለተመለከተ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ገበሬው እርከኑን የሠራው ለእህሉ ነው፤ የት እንደሚሠራ፣ በማን ማሳ ላይ እንደሚያልፍ የወሰነው ማኅበሩ ነው። ደመወዙ ተበልቶ አልቋል፤ እርከኑ የመንግሥት ሆኖ ቀርቷል። መንግሥት ሲሄድ ሥራውም አብሮ ሄደ።

4. የሴፍቲኔት ሥርዓት

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ የዕለት ርዳታ አስፈለገው። በየዓመቱ መኸሩ ካለፈ በኋላ ተረጂ ይቈጠራል፤ ለውጭ አገሮች ጥሪ ይደረጋል፤ እህሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው በጉንና ፍየሉን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ይደርሳል። ከዚህ የተነሣ መንግሥትና ርዳታ ሰጪዎች ተመካክረው በጥር 1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን ጀመሩ። ገንዘቡ ከዓለም ባንክ፣ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከካናዳ፣ ከአየርላንድ፣ ከስዊድንና ከዓለም የምግብ ፕሮግራም የመጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 5 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ገባበት፤ ወዲያውም ከ7 ሚሊዮን አለፈ። በእኛ አገር በለሳ፣ ጃናሞራና በየዳ ከገቡት ወረዳዎች መካከል ነበሩ።

የፕሮግራሙ አሳብ ቀላል ነው። ድርቅ ቢመጣም ባይመጣም ዘወትር የሚርበው ቤት አስቀድሞ ይታወቃል፤ ስለዚህ ድርቅን ሳይጠብቁ በየዓመቱ ለስድስት ወር፣ ከጥር እስከ ሰኔ ድረስ፣ በታወቀ ቀን ይከፈለው። መሥራት የሚችል በሕዝብ ሥራ ይሠራል፤ እርከን፣ ኵሬ፣ የገጠር መንገድ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ ግንባታ። አረጋዊ፣ በሽተኛና ረዳት የሌለው ያለ ሥራ «ቀጥተኛ ድጋፍ» ይቀበላል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይቈጠራል፤ የቀኑ ዋጋ በመጀመሪያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበረ።

ሒሳቡን እንየው። 5 ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን ይቈጠርለታል። በብር ከሆነ በወር 150፣ በስድስት ወር 900 ብር ይሆናል። በእህል ከሆነ በወር 75 ኪሎ፣ በስድስት ወር አራት ኩንታል ተኩል ነው። አንድ ማሳው በውርጭ የተመታ የበየዳ ገበሬ ከገብሱ ዘር አውጥቶ ሳይሸጥ እስከ ሰኔ ለመድረስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሬውን ለማቆየትም ይረዳዋል፤ የፕሮግራሙ ዋና ግብም ይኸው ነበረ።

በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረጉ ጥናቶች ክፍያውን በሙሉና በጊዜው ያገኙ ቤተሰቦች የሚራቡባቸው ወራት ማጠራቸውን አሳይተዋል። «በሙሉና በጊዜው» የሚለው ቃል ግን ትልቅ ሸክም የተሸከመ ቃል ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ክፍሎች ስለዚሁ ናቸው።

5. የብሩ ዋጋና የጊዜው ነገር

6 ብር ከ3 ኪሎ እህል ጋር እኩል የሚሆነው አንዱ ኪሎ በ2 ብር ሲሸጥ ነው። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በመላው ዓለምም በአገራችንም ከመጠን በላይ ናረ። መንግሥት የቀኑን ክፍያ በ2000 ዓ.ም. 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. 10 ብር አደረገው። ነገር ግን ኪሎው 4 ብር ከገባ 8 ብር የሚገዛው 2 ኪሎ ብቻ ነው፤ ጭማሪ ተብሎ የመጣው ከመጀመሪያው አነሰ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያ ብሩን የወደደ ተጠቃሚ ሁሉ እህል ይሰጠኝ ወደ ማለት ዞረ።

በእቅዱ መሠረት ከእህል ይልቅ ብር የተመረጠው ገበያን ለማነቃቃትና የማጓጓዣ ወጪን ለመቀነስ ነው። ይህ አስተያየት በጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ላለ ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል። በጃናሞራ ገደል ማዶ ላለ ሰው ግን ገበያው ራሱ ሩቅ ነው፤ እህሉም በአጋሰስ ተጭኖ እዚያ ሲደርስ የመንገዱን ዋጋ ጨምሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብር በሁለት ቀበሌ ሁለት ዓይነት ክፍያ ይሆናል። በኪሎ የተተመነ ክፍያ ይህን ልዩነት ይሸከማል፤ በብር የተተመነው ግን ለገበሬው ያሸክመዋል።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። የሥራ ቀን የሚቈጠርበት ወረቀት ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ በእርሻ ጽሕፈት ቤት ይመረመራል፤ ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ያልፋል፤ ገንዘብ ያዡ ብሩን ይዞ ወደ መክፈያው ቦታ ይወጣል። አንዲት ፊርማ ብትጎድል የቀበሌው ሁሉ ክፍያ ይቆማል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጥር ሥራ ክፍያ ወራት ዘግይቶ መድረሱ በመላ አገሪቱ የታወቀ ችግር ነበረ። የዘገየ ክፍያ ሰውየውን ከሁለት አንዱን ያስመርጠዋል፤ እህል በወለድ መበደር ወይም በግ መሸጥ። ያን ጊዜ ክፍያው ሲመጣ ለአራጣ አበዳሪው እንጂ ለልጆቹ አይሆንም። ስሜን ደግሞ ችግሩ የሚበረታው ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ገብሱ ሳይደርስ ነው፤ ክፍያው ግን ሰኔ ላይ ያልቃል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው እህሉን ለክረምት አያስቀምጥም።

6. መዝገቡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የተጠቃሚው ቍጥር ከላይ በኮታ ይመጣል፤ ከክልል ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ ይከፋፈላል። በቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አለ፤ በየጎጡም የሕዝብ ወኪሎች ያሉበት ኮሚቴ ድሀውን ከድሀ እየለየ ይመዘግባል፤ ስሙ በስብሰባ ተነቦ ይጸድቃል። ይህ አሠራር በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ነው። ጎረቤቱን ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለምና።

ይሁን እንጂ ኮታው ከችግረኛው ቍጥር ሲያንስ ኮሚቴው ምን ያድርግ? በደጋው አማራ አገር በብዙ ቦታ የተደረገው ይህ ነው፤ አምስት ነፍስ ያለበትን ቤት በሙሉ በመመዝገብ ፈንታ ሁለት ነፍስ ብቻ መዝግቦ የቀረውን ለሌላ ቤት አካፈለ። በዚህ ሒሳብ ያ ቤት በወር የሚያገኘው 75 ኪሎ ሳይሆን 30 ኪሎ ነው። የፕሮግራሙ ሰዎች ይህን «ማቅጠን» ብለው ነቀፉት፤ በኋላም ሙሉ ቤተሰብ እንዲመዘገብ መመሪያ አወጡ። በእነርሱ ዓይን ሲታይ ትክክል ናቸው፤ የቀጠነ ክፍያ ማንንም ከድህነት አያወጣም። በኮሚቴው ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ሁለት እኩል ድሆች ጎን ለጎን ሲኖሩ ለአንዱ ሙሉ ሰጥቶ ሌላውን ባዶ መስደድ በወንፈልና በደቦ፣ በሠርግና በለቅሶ ተያይዞ በሚኖር ሰፈር ቀላል አይደለም። ኮሚቴው ነገ እነዚያን ሰዎች በደጀ ሰላም ያገኛቸዋል፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው አያገኛቸውም።

የመዝገቡ ሌላ ፊት ደግሞ አለ። ስም የሚጽፈው ቀበሌ ግብር ይሰበስባል፤ የማዳበሪያ ዕዳ ይጠይቃል፤ ስብሰባ ይጠራል፤ ምርጫ ሲደርስም ሰው ያሰልፋል። ያው እጅ ሁሉን ከያዘ በአንዱ የተቈጣው ሹም በሌላው መበቀል ይቻለዋል። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም። የአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. በጎጃምና በጎንደር የመሬት ሽግሽግ ባደረገ ጊዜ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበረው ሰው «ቢሮክራሲ» ተብሎ ተመዘገበ። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር ሊይዝ ሲፈቀድለት ለእርሱ ግን ከ1 ሄክታር የበለጠ እንዳይተርፈው ተወሰነ። አንዲት ቃል በመዝገብ ላይ መጻፍ የአንድን ቤት መሬት እንደምትቈርስ ያየ ትውልድ የሴፍቲኔት ስም ሲጻፍ በጥንቃቄ ቢያይ አይደንቅም። ፕሮግራሙ ከጊዜ በኋላ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር አደረገ፤ ዳሩ ግን ቅሬታ ሰሚውም በዚያው ቀበሌ የሚኖር ሰው ነው።

መመረቅ የሚባለውም በመዝገቡ ላይ የተመሠረተ ነው። የአንድ ቤት ሀብት በብር ተቈጥሮ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ተመርቆ ይወጣል። በትምህርት ቤት መመረቅ ደስታ ነው፤ እዚህ ግን አንዲት ላምና ጥቂት በጎች ያፈራ ሰው ሀብቱ እንዲታይለት ሳይሆን እንዳይታይበት ይመኛል። አያቱ ግብር ፈርቶ ከብት ይደብቅ እንደ ነበረ እርሱ መመረቅ ፈርቶ ይደብቃል። የመዝገቡ ትርጉም ተገለበጠ፤ የሰውየው ጥንቃቄ ግን ያው ነው።

7. የጎረቤቱ ሥራና የማዳበሪያው ነገር

ክፍያው በማይደርስባቸው ወረዳዎች የሆነውን ሳናይ ፍርድ መስጠት አይገባም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አወጀ። የደምቢያና የወገራ ገበሬ በበጋው ወራት ለብዙ ቀን እርከን እንዲሠራ ተጠራ፤ ያለ ክፍያ። እንግዲህ በበለሳ በ3 ኪሎ የተተመነው ሥራ ድንበሩን ተሻግሮ በጎረቤት ወረዳ በነጻ ተሠራ። አንዱ ገበሬ «ለምን ለእርሱ ይከፈላል?» ይላል፤ ሌላው «እርሱ ምርት አለው» ይላል። ከሁለቱ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ የሥራ ቀን የመንግሥት ነው ወይስ የገበሬው? የሴፍቲኔት ክፍያ ቢያንስ ቀኑ ዋጋ ያለው የገበሬው ንብረት መሆኑን አምኗል።

ለም አገር ያለው ገበሬ የሚያውቀው የመንግሥት ድጋፍ ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ በሰፊው የተሞከረው በ1959 ዓ.ም. ገደማ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ርዳታ ነው። በደርግ ዘመን ዋጋው በመንግሥት ይወሰን ነበር፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ በኋላ የዋጋው ድጎማ ተነሣ፤ ማዳበሪያው ግን በብድር ይሰጥ ጀመር፤ ዕዳውንም የሚሰበስበው ቀበሌ ነበረ። በ1994 ዓ.ም. እንደ ሆነው ምርት በዝቶ የእህል ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቃተው። በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረ ጊዜ መንግሥት ከዋጋው የተወሰነውን ከበጀት መሸፈን ጀመረ። ይህ ድጎማ ለሁሉ እኩል የተሰጠ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሚደርሰው በገዛው መጠን ስለ ሆነ ብዙ መሬትና የታመነ ዝናም ያለው የበለጠ ይቀበላል። ውርጭ በሚመታው የበየዳ ማሳ ላይ ማዳበሪያ መግዛት ዕዳ መግዛት ነው።

8. የሌላ አገር ምሳሌ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ፣ በ1933 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የእርሻ ማስተካከያ ሕግ ወጣ። ጥጥና ስንዴ ከመጠን በላይ በዝቶ ዋጋው ስለ ወደቀ መንግሥት ማሳውን ለቀነሰ ገበሬ ገንዘብ ከፈለ። ሥራውን የሚያካሂዱት በየካውንቲው ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጡ ኮሚቴዎች ነበሩ። ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው።

በደቡቡ የጥጥ አገር በኮሚቴው የተቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ባለ መሬቱ ነበረ። ክፍያው በእርሱ እጅ አለፈ፤ የእኩል አራሹ ድርሻ በብዙ ቦታ እጁ ሳይገባ ቀረ፤ ማሳው ሲቀነስም ብዙ እኩል አራሽ፣ ይበልጡንም ጥቁሩ፣ ከመሬቱ ተባረረ። የእነርሱ መንግሥት ሀብታም ነው፤ ሕጉም በጥንቃቄ የተጻፈ ነበረ። ሆኖም መዝገቡን የያዘው ሰው ተጠቃሚ በሆነበት ቦታ ክፍያው ከድሀው ራቀ። የእኛ ገበሬ ከዚያ እኩል አራሽ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የሚያባርረው ባለ መሬት የለበትም። በኮሚቴው ፊት ያለው ድካም ግን ይመሳሰላል።

9. የቅርቡ ዘመን

የመዝገቡ ነገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ የታየው በቅርቡ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የጦር ግንባሩ እስከ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ዝናም በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ቀረ፤ ከብት አለቀ፤ ሰው ተሰደደ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የርዳታ እህል ከታለመለት ሰው ውጭ መወሰዱን ደርሰንበታል ብለው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታውን አቆሙ፤ እንደ ገና የጀመሩት ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በክልሉ የተነሣው የትጥቅ ግጭት ደግሞ መንገዱን ዘጋ። በ2017 ዓ.ም. ከሴፍቲኔት ደጋፊዎች አንዱ የነበረው የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ራሱ ተዘጋ።

በዚህ ውስጥ የስሜን ገበሬ በአንዱም ጥፋት እጁ የለበትም። እህሉን የሰረቀው እርሱ አይደለም፤ መንገዱን የዘጋው እርሱ አይደለም። ነገር ግን የመዝገቡ ስሕተት በሰጪና በተቀባይ መካከል ያለውን እምነት ባጠፋ ጊዜ ቅጣቱ የወረደው በመዝገቡ ግርጌ ስሙ በተጻፈው ሰው ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተነገረውን ስናጠቃልል ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ በሰሜን ጎንደር ደጋ ለገበሬ የሚሰጠው ክፍያ ከጅምሩ በሥራ ቀን የተተመነ ስለ ሆነ ከምጽዋት ይልቅ ለደመወዝ የቀረበ ነው፤ ደመወዝም በወር መጨረሻ ካልተከፈለ ደመወዝ አይባልም። ሁለተኛ፣ ዋጋው በኪሎ ሲተመን የገበያው ጉዳት በመንግሥት ላይ ይወድቃል፤ በብር ሲተመን በገበሬው ላይ ይወድቃል፤ ጉዳቱን ለመሸከም የሚችለው የትኛው እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ሦስተኛ፣ ግብር የሚሰበስበው፣ ዕዳ የሚጠይቀውና እህል የሚያድለው አንድ እጅ እስከ ሆነ ድረስ ክፍያው መብት ሊሆን አይችልም፤ የሹሙ ቸርነት ሆኖ ይቀራል። ቅሬታ ሰሚው ከቀበሌው ውጭ ቢሆንና መዝገቡ በአደባባይ ቢለጠፍ ወጪው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን የሚመዘነው ለጥቂት ዓመት በተሰጠ ኩንታል ብቻ አይሆንም።

ለታሪክ ተማሪዎችም አንድ ነገር ይቀራል። የጎንደር ነገሥታት የመሬት ስጦታ በአብያተ ክርስቲያናት ብራና ኅዳግ ላይ ስለ ተጻፈ ዛሬ እናነበዋለን። የቀበሌ የሥራ ቀን ወረቀትና የተጠቃሚ ስም ዝርዝር የእኛ ዘመን የመሬትና የእህል ታሪክ ነው፤ ማን እንደ ተመዘገበ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ስንት ቀን ሠርቶ መቼ እንደ ተከፈለ የሚነግረን እርሱ ብቻ ነው። ከየወረዳው የመጣን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችን ስንሄድ ይህ ወረቀት በቀበሌ ጓዳ ሳይበሰብስ ተሰብስቦ እንዲቀመጥ ብናሳስብ፣ ወደ ፊት የሚጽፈው ሰው የገበሬውን ታሪክ ከሪፖርት ሳይሆን ከመዝገቡ ከራሱ ሊያነበው ይችላል።